ለቅሶ የደረሱት መኪኖች

የሄርሜላን ሞት የሚናገረው ጡሩንባ የተነፋው በማለዳ ነበር፤ ባለቤቷ ጋሽ ያፌት ግን አልሰሙትም። ማንም አልሰማውም። የእድሩ ጡሩንባ በሰው ጆሮ መሰማት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ድሮ ጡሩንባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ «እገሌ አርፏልና ቀብር ውጡ» ሲል ሕፃን ያስለቅስ፣ ውሻ ያስጮኽ፣ ሌሊቱን የሠራውን ሰው ከእንቅልፉ ያባንን ስለነበር፣ አባላቱ በጉባኤ ተነጋግረው ጥሪው በቀጥታ ለመኪኖቻቸው እንዲደርስ ወሰኑ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚያውቀው በየግቢው የቆመው መኪና ነው። ባለቤቱ ሳይነቃ መኪናው ይነቃል፤ አቧራውን ያራግፋል፣ መስታወቱን ያጨልማል፣ በሩን ራሱ አስከፍቶ ይወጣል። ቀብር ውሎ ሲመለስ ለባለቤቱ አንዲት መስመር ያስነብበዋል፤ «የእድር ግዴታዎ ተፈጽሟል።» ማን እንደሞተ ለሚጠይቅ ይናገራል። የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም።

ነገሩ የተጀመረው በግርማ ነው። ግርማ ማለት በዚያ ዘመን አንቱ የተባለው አውቶሞቢል ነው፤ ረጅም፣ ጥቁር፣ ከአፍንጫው እስከ ጭራው አንድ መጋጠሚያ የማይታይበት። እጀታ የለውም፤ ባለቤቱ ሲጠጋ በሩ ራሱን ይከፍታል። መሪው እንኳ «ልንዳ» ካላሉት በቀር ከተደበቀበት አይወጣም። ወንበሩ የባለቤቱን የወገብ ሕመም ከሐኪም በላይ ያውቃል። ሠሪዎቹ ለእኛ አገር ገበያ ሲያሰናዱት ደግሞ ወግ ጨመሩለት። ከሬሳ መኪና አይቀድምም። ከፊቱ ካለው ርቀቱን ጠብቆ በሰው እርምጃ ልክ ይሄዳል። ድንኳን ፊት ሲደርስ የፊት እግሮቹን ዝቅ አድርጎ እጅ ይነሳል፣ መብራቱን ያደበዝዛል፣ በለሰለሰ ድምፅ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ይላል። ከብዙ ሰው ይልቅ ለቅሶ ያውቃል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መጀመሪያ መጀመሪያ ሰው በውስጡ ተቀምጦበት ይመጣ ነበር። ኋላ አንዱ ስብሰባ ያዘውና ባዶውን ላከው። የእድሩ ሽማግሌዎች ተጨቃጨቁ፤ በመጨረሻም እንዲህ ያለ መኪና የላከ ሰው ንቆ ነው አይባልም አሉና «መጥቷል» ተብሎ እንዲያዝለት ፈረዱ። የኛ ነገር ይታወቃል፤ አንዱ የጀመረውን ያልተከተለ ከሰው ያነሰ ይመስለዋል። በሚቀጥለው ቀብር ሁለት ባዶ መኪኖች መጡ። ዓመት ሳይሞላ ርካሾቹም መኪኖች ማጎንበሱን ተማሩ፤ በእግሩ ቀብር የሚወጣ ሰው መኪና እንደሌለው ይታወቅበት ጀመርና እሱም ቀረ።

ጋሽ ያፌት ከሌላው የተለዩ አልነበሩም። እሳቸውም ግርማ አላቸው፤ ያረጀ ሞዴል ነው፣ ሲያጎነብስ ትንሽ ያቃስታል። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሞርዱ የኖሩ፣ እጃቸው የታመነ፣ አንደበታቸው ቁጥብ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ከሄርሜላ ጋር ግቢያቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ልጅ አልወለዱም። ለቅሶ ሲመጣ መኪናቸውን እየላኩ፣ ሻያቸውን እየጠጡ፣ አንዳቸው ለሌላቸው በቂ እንደሆኑ አምነው ኖሩ። ሁለት ሰው ለሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ ሲሞት ነው የሚጎድለው።

ሄርሜላ ከክረምቱ ጀምሮ አልጋ ላይ ነበረች። ያረፈችው ጎሕ ሲቀድ፣ እጇ በእጃቸው ውስጥ እንዳለ ነው። ከመሞቷ በፊት የለመነቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከከተማው ውጭ ወዳለው አዲሱ መካነ መቃብር እንዳይወስዷት። እዚያ የሬሳ መኪናው ራሱ በመቃብሮቹ መካከል ገብቶ፣ ራሱ ሬሳውን አውርዶ፣ ራሱ አፈር መልሶ ይወጣል። ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚቀበረው። እሷ ግን፣ «ኮረብታው ላይ፣ እናቴ ጎን አድርገኝ። በሰው ትከሻ» አለቻቸው። እሳቸውም ማሉላት።

ኮረብታው ላይ ያለችው ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን መኪና አይደርስባትም። ከቅጥሩ በር እስከ መቃብሩ ድረስ በጥዶች መካከል የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ጎማ ያለው ነገር አይወጣውም። ሬሳ ሊወጣው የሚችለው በሰው ትከሻ ብቻ ነው፤ ለዚህም ቢያንስ ስድስት ሰው ያስፈልጋል። ጋሽ ያፌት ይህንን አስበውበት ነበር። በእድሩ ውስጥ ይህ ሁሉ አባል እያለ ስድስት ሰው ይጠፋል ብለው አልገመቱም። ድሮ ሰው ሲመርቅ «ቀባሪ አያሳጣህ» ይል ነበር። እንዲህ ያለ ምርቃት የሚያስፈልገው ድሃ ነው ብለው ያስቡ ነበር።

ረፋዱ ላይ የእድሩ ድንኳን በራቸው ላይ ራሱን ተክሎ፣ አግዳሚ ወንበሮቹን ራሱ ደርድሮ ተዘጋጀ። ጋሽ ያፌት ብቻቸውን ገብተው ተቀመጡ። ከዚያ መኪኖቹ መምጣት ጀመሩ። አንዱ ይጠጋል፣ ዝቅ ይላል፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ይላል፣ ወጉን አድርሶ ወደ ጎን ይላል፤ ሌላው ይተካል። ሐዘንተኛ ሰው ሲገባ ብድግ ይላልና እሳቸውም ለእያንዳንዱ ብድግ አሉ፣ ለእያንዳንዱ ጎንበስ አሉ።  አግዳሚዎቹ ላይ ግን አንድም ሰው አልተቀመጠም። ዓይናቸው ደረቅ ነበር፤ ለምን እንደማያለቅሱ ግራ ገባቸው። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖሬ እንባ እንኳ የለኝም እንዴ፣ ብለው ራሳቸውን ታዘቡ።

ቀብሩ ሲወጣ ሰልፉ ያማረ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። የሬሳ መኪናው ከፊት፣ የጋሽ ያፌት ግርማ ቀጥሎ፣ ከኋላ ደግሞ ጥቁሮቹ መኪኖች መብራታቸውን እያርገበገቡ፣ ርቀታቸው በገመድ የተለካ ይመስል እየተከተሉ ከተማውን አቋርጠው ወደ ኮረብታው ወጡ። ከቅጥሩ በር ሲደርሱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቆሙ። የሬሳ መኪናው የኋላ በሩን ከፍቶ ሣጥኑን በማሳረፊያው ላይ አወጣ።

በሩ ላይ አባ ፍሥሐ ከአንድ ዲያቆን ጋር ይጠብቁ ነበር። አባ ፍሥሐ የሸመገሉ ካህን ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ነው የሚቆሙት። ሣጥኑን አዩ፣ የመኪኖቹን ሰልፍ አዩ፣ ከዚያም ጋሽ ያፌትን አዩና ሸካሚዎቹ የት እንዳሉ ጠየቁ። ጋሽ ያፌት ወደ መኪኖቹ ዞሩ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ በሙሉ የገባቸው።

የሬሳ መኪናው በትሕትና ተናገረ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ እስከዚያ ሸካሚ ካልተገኘ ሟቿን ወደ አዲሱ መካነ መቃብር እንደሚያደርስ፣ ለዚህም ምንም ጭንቀት እንዳይገባቸው ነገራቸው።

ጋሽ ያፌት መጀመሪያ የደወሉት ለባሮክ ነው። ባሮክ የግንብ ጎረቤታቸው ነው፤ አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው። ከዓመታት በፊት ይህ ሰው ብርቱ ንዳድ ይዞት ብቻውን ተኝቶ ሳለ፣ ሄርሜላ መሰላል ወደ ግንቡ አስጠግታ፣ ላዩ ላይ ወጥታ፣ በገመድ ባሰረችው ሳህን ሾርባ እያወረደች አድናዋለች። ጋሽ ያፌት ከታች መሰላሉን ይዘው ሲቆጧት፣ «አንተ ዝም ብለህ ያዝ» ትላቸው ነበር። ስለዚህ ለባሮክ ደወሉ። ያነሣው ባሮክ አልነበረም።

«አቶ ባሮክ ሥራ ላይ ናቸው» አለ የተቃና ድምፅ። «በሐዘንዎ ከልብ አዝነዋል። መኪናቸው አጠገብዎ ነው።»

እውነትም አጠገባቸው ነበር። ለሌሎቹም ደወሉ፤ መልሱ አንድ ነው። ሥራ ላይ ናቸው፣ ዕረፍት ላይ ናቸው፣ አዝነዋል፣ መኪናቸው አጠገብዎ ነው። ጋሽ ያፌት ከመኪኖቹ ወደ አንዱ ተጠግተው በመስታወቱ ውስጥ አጮለቁ። ባዶው ወንበር ቀበቶ ታስሮለታል። በሚቀጥለው ውስጥ፣ ወንበሩ ለወጉ ያህል ጥቁር ነጠላ ለብሷል። ከኮረብታው በታች ያለውን መንገድ አዩ፤ የሚያልፈው ሁሉ መስታወቱን ያጨለመ መኪና ነው፣ እጅ ቢያወዛውዙለት የሚያየው የለም። ዲያቆኑና እሳቸው ሣጥኑን ለመሞከር ያህል ጫፍና ጫፉን ያዙት። ከማሳረፊያው ንቅንቅ አላለም።

ብስጭት እንደ ማስነጠስ ነው፤ ሲመጣ አያስታውቅም። ጋሽ ያፌት ከቅጥሩ በወደቀች አንዲት ድንጋይ ተደናቅፈው ሊወድቁ ሲሉ ድንጋይዋን አነሡና፣ ምን እንደሚያደርጉ ሳያውቁ፣ በአቅራቢያቸው በቆመ አንድ ግርማ በር ላይ ጎተቷት። ጥቁሩ ቀለም ላይ ነጭ መስመር ወጣ። መኪናው ደነገጠ፤ ዝቅ ብሎ የነበረው ቀና አለ፣ መብራቱ ቦግ አለ።

«ጉዳት ደርሷል» አለ። «ባለቤቴ በመምጣት ላይ ናቸው።»

ጋሽ ያፌት ድንጋይዋን እንደያዙ ቀሩ። ሕጉን ያውቁታል፤ መኪና ያለው ሁሉ ያውቀዋል። አካሉ የተጎዳ መኪና፣ ባለቤቱ በእግሩ መጥቶ መዳፉን በሩ ላይ ካላሳረፈ፣ ከቆመበት አይነቃነቅም። ተወካይ አያስተናግድም፣ ምክንያት አይቀበልም። ሥራ የለም፣ ስብሰባ የለም። ሰውየው ራሱ መምጣት አለበት።

ቀጥለው ወደሚቀጥለው መኪና ሄዱ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ዕድሜ ልኩን ሲሞርድ የኖረ እጅ ነውና አላበዙትም፤ ለእያንዳንዱ በር አንድ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ መስመር። ማንንም ላለማበላለጥ የራሳቸውንም መኪና ፋቁት። 

«ልጄ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አሉ አባ ፍሥሐ።

«ሰው እየጠራሁ ነው፣ አባ።»

 አባ ፍሥሐ ፊታቸውን ወደ ጥዶቹ አዙረው ዳዊታቸውን መድገም ጀመሩ።

የመጀመሪያዋ ደራሽ ወይዘሮ ሶልያና ነበረች፤ የእድሩ ገንዘብ ያዥ፣ ረጅም ሴት፣ በቤት ጫማዋ። ከኪራይ መኪና ወርዳ ቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄደች። ጣቷን በምራቋ አርሳ መስመሩን አሸች። አልለቀቀም። ቀጥሎ አንድ ግማሽ ፊቱን የተላጨ ሰው መጣ፤ ቀጥሎ አፉ ውስጥ ምግብ ያለ የሚመስል፤ ቀጥሎ ሸሚዙን ገልብጦ የለበሰ። ከተሰለፉት መኪኖች ባለቤቶች ግማሹ እንኳ አልመጡም፤ የመጡት ግን በርረው ነው የመጡት። ለመሆኑ ለምን ሰው ሞቶ ያልሮጠ እግር ለቀለም ይሮጣል? ይህን የሚመልስልኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

ሶልያና ድንጋይዋን በጋሽ ያፌት እጅ አየችና ተጠጋቻቸው።

«ምን በድዬዎት ነው፣ ጋሽ ያፌት?»

«ምንም አልበደልሽኝም ልጄ» አሉ። «ሬሳ የሚሸከምልኝ አጥቼ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ሣጥኑን ያየችው። ከመጣች ጀምሮ በፊቷ ነበር፤ ሁሉም በአጠገቡ አልፈው ነው ወደ መኪኖቻቸው የሄዱት። ሶልያና የቤት ጫማዋን ወደ ታች አየች፣ ነጠላ አለመልበሷን አሰበች፣ ከመኪናዋ ውስጥ ወንበሩ የለበሰውን ነጠላ አውጥታ ራሷ ለበሰች። የተቀሩትም አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ ተሰበሰቡ።  ሰውን ለመውቀስ የመጣ ሰው፣ ሊወቀስ የሚገባው እሱ ሆኖ ሲያገኘው የሚናገረው ይጠፋዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የሬሳ መኪናው ለመንቀሳቀስ ማሳረፊያውን መሰብሰብ ጀመረ። አባ ፍሥሐ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ «አንሡ» አሉ። ሴት ሬሳ አትሸከምም የሚል አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ሶልያና ዞራ አየችውና መልሶ ዋጠው። ሐዘንተኛም አይሸከምም፣ ወጉ አይደለም፤ ጋሽ ያፌት ግን ትከሻቸውን ከኋላ አስገቡ። ቢሆንም አንድ ሰው ጎደለ። ሣጥኑ ከማሳረፊያው ሲነሣ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፣ ሊወድቅ ሆነ።

ባሮክ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። እየሮጠ ነበር፤ ዓይኑ መኪናው ላይ ነበር። ግማሽ ፊቱን የተላጨው ሰውዬ፣ «አንተ፣ ያንን ጫፍ ያዝ፣ ወደቀ» ብሎ ጠራው፤ ባሮክም ሳያስብ፣ ሳይጠይቅ፣ ከኋላ በኩል ከጋሽ ያፌት ጎን ትከሻውን አስገብቶ ተቀበለ። ሣጥኑ ቀና አለ። ዲያቆኑ ከፊት፣ አባ ፍሥሐ ጸሎታቸውን እያዜሙ፣ ደረጃውን መውጣት ጀመሩ።

ከባድ ነበር። ማናቸውም እንዲህ ያለ ሸክም ተሸክመው አያውቁም፤ አካሄዳቸው አልገጠመም፣ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ያሳርፋል፣ ትንፋሻቸው ይሰማል። ጋሽ ያፌት በጎናቸው የባሮክን ላብ ያሸቱ ነበር። ከሄርሜላ በቀር ሰው እንዲህ ከተጠጋቸው ብዙ ጊዜ ሆኗል። ደረጃውን ሲያጋምሱ ባሮክ አንገቱን ወደ እሳቸው ዘንበል አድርጎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት፣ በሹክሹክታ ተናገረ።

«ጋሽ ያፌት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ያረፈው ማነው?»

«ለቀባሪው አረዱት» ይባላል፤ ቀባሪ የማያውቀው ሞት የለም ለማለት ነው። ይህን የተረቱት ሰዎች ባሮክን አላወቁትም።

 መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ሰውየው በቤቱ ተቀምጦ፣ ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው፣ እንዳይወድቅ ከግራና ከቀኝ ተይዞ ነው። ባሮክን የያዘው ሰው አልነበረም። እንዲያውም የያዘው እሱ ነው። ግን ተጠይቀዋልና መናገር ነበረባቸው።

«ሄርሜላ ናት» አሉት።

«የትኛዋ ሄርሜላ?»

«የኔዋ።»

ባሮክ ቆመ። እግሩ አንዱን ደረጃ ረግጦ፣ ሌላው አየር ላይ እንዳለ ቆመ። ከፊት ያሉት ሣጥኑ ሲይዛቸው ጊዜ እነሱም ቆሙ።

«ታማ ነበር እንዴ?»

«ከክረምቱ ጀምራ።»

«እኔ እኮ… ግንቡ ማዶ እኮ ነኝ» አለ ባሮክ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ንግግር አልነበረም። ግንባሩን በሣጥኑ እንጨት ላይ ጣለና፣ «እትዬ፣ እትዬ ሄርሜላ» እያለ፣ ድምፁን ለቆ፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ አለቀሰ። የሚያፍርበት ጊዜ አላገኘም። ከፊት ሶልያና ስሙን ስትሰማ «ወይኔ» ብላ ጀመረች፤ ግማሽ ፊቱን የተላጨውም፣ ሸሚዙን የገለበጠውም፣ ሣጥኑን በአንድ እጃቸው ደግፈው በሌላው ፊታቸውን ሸፈኑ። ጥዶቹ መካከል ድምፁ ሞላ። በዚያ ደብር የሰው ለቅሶ ከተሰማ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

ጋሽ ያፌት ከማለዳ ጀምሮ ለመኪኖች ብድግ ሲሉ፣ ጎንበስ ሲሉ ውለው አንድ ዘለላ እንባ አልመጣላቸውም ነበር። ልባቸው ድንጋይ የሆነ መስሏቸው ፈርተው ነበር። ድንጋይ አልሆነም። ሐዘንተኛ ብቻውን አያለቅስም፤ እያለቀሰ የሚመጣለትን ሰው ነው የሚጠብቀው። አሁን መጣላቸው፤ እስኪንገዳገዱ ድረስ መጣላቸው፣ ባሮክም በነፃ እጁ ብብታቸውን ይዞ ደገፋቸው።

አባ ፍሥሐ ከላይኛው ደረጃ ላይ ዞረው አዩ። ለጸሎት የሚቆምበት ማረፊያ አልነበረም፣ ግን መቋሚያቸውን ተክለው ቆሙ፣ ዲያቆኑንም በዓይናቸው አቆሙት። የሚያስቸኩል ነገር የለም አሉ። እነሱም ሄርሜላን በትከሻቸው እንደያዙ፣ ደረጃው ላይ ቆመው አለቀሱላት።